ጨዉን ቅመሺልኝ

እኛ ቤት ሥጋ ማለት የተፈጨ ሥጋ ማለት ነው። ጥብስ የበዓል ነው፤ ቅቅል ለታመመ ሰው ነው፤ ቁርጥ ደግሞ የባለቤቴና የጓደኞቹ ነው፣ እሱም ደመወዝ በወጣ ሰሞን። ረቡዕና ዓርብን ትተን በቀረው ቀን ሁለቱ ልጆቻችን ሳያጉረመርሙ የሚበሉት የተፈጨውን ነው። ግማሹ ምንቸት አብሽ ይሆናል። የቀረው ለማካሮኒ ስጎ ይሠራበታል፣ ድንች ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ሲተርፍ ሳምቡሳ ይጠቀለልበታል። የተፈጨ ሥጋ እንደ ጥሩ ጎረቤት ነው፤ ከሁሉም ጋር ይግባባል።

የምንኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። አማቴ ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩት ጎፋ የነበረው ቤታቸው ለመንገድ ሲፈርስ ነው። ቤት ልበለው እንጂ አንድ ክፍልና ከጀርባው በቆርቆሮ የተከለለች ማድ ቤት ነበረች። በዚያች ማድ ቤት ነው ልጆቻቸውን ሁሉ አብልተው ያሳደጉት። የመጡ ዕለት አልጋቸውንና ቁም ሣጥናቸውን ለዘመድ ሰጥተው ድስቶቻቸውን ብቻ አቅፈው ከመኪና ወረዱ።

"እማዬ፣ ድስት እኮ አለን" አላቸው ባለቤቴ።

"የእናንተ ስስ ነው፤ ያሳርራል" አሉት።

ማድ ቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማን እንደሆነች ገባኝ። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ቢላዬ ከቦታው ሲጠፋ፣ ጭልፋዬ ሌላ መሳቢያ ውስጥ ሲገኝ ደሜ ይፈላል። ነገር ግን ከቢሮ ወጥቼ፣ ታክሲ ስጋፋ አምሽቼ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ በር ስከፍት የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ሲቀበለኝ ቁጣዬ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። አማትና ምራት በአንድ ማድ ቤት አይስማሙም የሚል ሰው፣ ማታ ወጥ ሠርቶ የሚጠብቀው የሌለው መሆን አለበት።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሥጋ ቤት እንሄዳለን። አማቴ ቀዩን ሥጋ በጣታቸው እያሳዩ ያስቆርጣሉ፤ ጅማቱን ያስወጣሉ። ሥጋው መፍጫው ጋ ሲደርስ ግን እጃቸውን ያነሣሉ።

"ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ውስጡ የቀረውን አውጣልኝ።"

"እማማ፣ አሁን ነው ያጠብኩት" ይላል ሥጋ ሻጩ።

"ይሁን፤ አውጣልኝ።"

መፍጫው ውስጥ ሁልጊዜ ከፊት የነበረው ደንበኛ ሥጋ ይቀራል፤ እሳቸው ደግሞ የማያውቁትን ሥጋ ወደ ቤት አያስገቡም። ስለዚህ ከራሳቸው ሥጋ ጥቂት ይገባና የመጀመሪያው እፍኝ ለብቻው ይወጣል። እሱን ደጅ ለሚጠብቀው ውሻ ይጥሉለታል። ውሻው እኔን ዞር ብሎም አያየኝም፤ እሳቸውን ግን ከሩቅ ያውቃቸዋል።

አሠራራቸው ቀስ ያለ ነው። ሽንኩርቱን በጣም አድቅቀው ይከትፉና መጀመሪያ ያለ ዘይት ያቁላሉታል። ውሃው መጥጦ ቀለሙ ሲለወጥ ቅቤና በርበሬ ይገባል፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ሥጋውን እንደመጣ አይጨምሩትም። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ አሽተው አሽተው እንደ ሙቅ ያላሉታል።

"የተፈጨ ሥጋ ደንጋጣ ነው" ይሉኛል። "ሙቀት በድንገት ሲያገኘው እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከዚያ ብትለምኚው አይላቀቅም።"

አብሹ በስተመጨረሻ ይገባል፣ በጣት ጫፍ ብቻ፤ ከበዛ ይመርራል። ጨዉም እንደዚሁ። ድስቱ ሊወርድ ሲል መዳፋቸው ላይ ጠብ ያደርጉና ይቀምሳሉ፤ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ጨው ጠይቆ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ከባድ ጉንፋን ያዛቸው። ተኝተው ሰነበቱ፤ ፌጦ በማር ሠራንላቸው፣ ክኒኑንም ዋጡ፤ ተነሡ። ከተነሡ በኋላ ግን ወደ ማድ ቤት የተመለሱት አዲስ ልማድ ይዘው ነው። አንድ ሐሙስ ምንቸት አብሹ ሊወርድ ሲል ጠሩኝ።

"ነይማ ልጄ፣ ጨዉን ቅመሺልኝ።"

"ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ እማዬ? እርስዎ አይቀምሱም?"

"ቀኖና ይዣለሁ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳያነሡ።

ቀኖና ከተባለ ጥያቄ የለም። የንስሐ አባት ለአንድ ሰው የሰጡት ጾም በሰውየውና በፈጣሪው መካከል ያለ ነገር ነው፤ ለምን ተሰጠዎት፣ እስከ መቼ ነው ብሎ መጠየቅ የሰው ኃጢአት መፈተሽ ነው። የሚጾም ሰው ደግሞ የሥጋ ወጥ ሊሠራ ይችላል እንጂ ሊቀምስ አይችልም። በጾም ወራት ለሕፃን ወይም ለታመመ ሰው ሥጋ የምትሠራ ሴት ሁሉ የሚቀምስላት ሰው ትጠራለች። ስለዚህ አፌን ይዤ መዳፌን ዘረጋሁ። ቀመስኩ፤ ትንሽ ጨው አልኳቸው፤ ጨመሩ። በጎረቤት ዶሮ ላይ እንኳ ክፉ ተናግረው የማያውቁ ሴትዮ ምን በድለው ይሆን ብዬ ማሰቤ ግን አልቀረም።

እኔ ባለሁበት ቀን ወጡ እንደ ድሮው ነበር። እኔ ሳመሽ ግን ነገር ይበላሽ ጀመር። አንድ ቀን ጨዉ አፍ ያቃጥላል፤ በሌላው ቀን ጭራሽ የለም። አንድ ጊዜ የማካሮኒው ስጎ ውስጥ አብሽ ገብቶ ትልቋ ልጄ ሹካዋን አስቀምጣ አለቀሰች። ወተት ምድጃ ላይ ገንፍሎ ሲያር አማቴ እዚያው አጠገቡ ቆመው ሽንኩርት ይልጡ ነበር፤ ሽታው እኔን መኝታ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የጠራኝ።

"እማዬ ደክሟታል" አለኝ ባለቤቴ። እሱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ለቡ ዳር በሚሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ሽቦ ሲዘረጋ ይውላል። "ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ነው የኖረችው። ሠራተኛ እንቅጠርና ቁጭ ትበል።"

ይህን የሚለው ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። አማቴ ቁጭ ስለማለት የሚያስቡትንም አውቃለሁ። ጎፋ ሳሉ አንዲት ጎረቤት ነበሯቸው። የሴትዮዋ ልጆች ሲያልፍላቸው ሠራተኛ ቀጠሩና እናታቸውን ሶፋ ላይ፣ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጧቸው። አማቴ ሊጠይቋቸው በሄዱ ቁጥር ሴትዮዋ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ "ዛሬ ማድ ቤት ምን እየተሠራ ነው?" ይሏቸው ነበር። "በገዛ ቤቷ እንግዳ አደረጓት" ይላሉ አማቴ። ይህን በተናገሩ ቁጥር ድምፃቸው ይቀየራል። እናም ባለቤቴ ሠራተኛ ባለ ቁጥር እኔ "እናያለን" እያልኩ አሳልፈው ነበር።

ከወጡ በላይ ያሳሰበኝ ግን መክሳታቸው ነበር። ለእኛ ሥጋ ይሠሩና ለራሳቸው ትንሽ ሽሮ ጠብ አድርገው ይበላሉ። ቀሚሳቸው ሰፋ፤ የአንገታቸው አጥንት ወጣ። ምን ዓይነት ቀኖና ነው በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚያስጾም እያልኩ በማላውቃቸው ቄስ ስናደድ ከረምኩ። አንድ ቀን ሄጄ ልናገራቸው ሁሉ አስቤ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ቀደም ብዬ ስለተመለስኩ የእሳቸውን ሽሮ እኔ ልሥራ አልኩ። ሽሮው ጋዝ ምድጃው ላይ ሲንተከተክ መብራት ጠፋ። የሰፈራችን ስም መብራት ኃይል ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ተጫዋች ሳይሆን አይቀርም። በስልኬ ብርሃን ዕቃ ስፈልግ፣ ልጆቹን ዝም ሳሰኝ ጨው መጨመሬን ረሳሁና ደግሜ ጨመርኩ። አማቴ በልተው ሳህኑን ጠረጉት።

"እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። "ጨዉ ልክ፤ በርበሬው ልክ።"

ድስቱ ውስጥ የቀረውን እኔ በእንጀራ ጠቀስ አደረግሁና ወደ አፌ ከተትኩ። አሞሌ የላስኩ መሰለኝ። ወደ ማጠቢያው ሮጬ ተፋሁት፤ እዚያው እንደቆምኩ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ይገለጥልኝ ጀመር። ወተቱ፣ ስጎው፣ አብሹ፣ ቅመሺልኝ ማለታቸው። ቀኖናው የንስሐ አባታቸው የሰጧቸው አልነበረም። ምላሳቸውና አፍንጫቸው ከጉንፋኑ ወዲህ ሥራ አቁመዋል።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መብራቱ ገና አልመጣም ነበር፤ ለዚህ ዓይነት ነገር ጨለማው ይሻላል።

"እማዬ፣ ሽሮው ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ነው የጨመርኩት።"

ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ሰማኋቸው።

"ለልጄ እንዳትነግሪው" አሉኝ።

"ምንም አይቀምሱም?"

"ምንም። ውሃም ሥጋም አንድ ነው። መጀመሪያ ይመለሳል ብዬ ነበር። አልተመለሰም። ቀኖና ይዣለሁ ያልኩሽ ሳላስበው አፌ ላይ መጥቶ ነው። በንስሐ አባቴ ስም ዋሸሁ። ከዋሸሁ ወዲያ ደግሞ ውሸት ሆኖ እንዳይቀርብኝ ብዬ ጾምኩት።"

"እንዲህ እስኪከሱ?"

"ምን ላድርግ? ሽማግሌዎች ሲሉ አልሰማሽም? ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።"

"ማን ነው እርስዎን የሚጥልዎት?" አልኩ። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ጮኸ።

"መጣልስ አትጥሉኝም። ታስቀምጡኛላችሁ።"

እጃቸውን ያዝኩ፤ መብራት እስኪመጣ እንደዚያው ተቀመጥን። ለልጃቸው እንደማልነግር ቃል ገባሁላቸው፤ እሳቸውም በፋንታቸው ሥጋውን እንዲበሉ ለመንኳቸው። "ከዋሸሁበት ጋር ሳልታረቅ አልበላም" አሉኝ። እልኸኛ ናቸው፤ ልጃቸው ከማን እንደወረሰው አሁን ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ተከፋፈልን። እሳቸው ሁሉን ነገር ያዘጋጁና ድስቱን ያለ ጨው አሰናድተው ይጠብቁኛል። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ ገብቼ መዳፌን እዘረጋለሁ። መጀመሪያ "ትንሽ ጨው" ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም። እሳቸው ግን አይለቁኝም። ኮረሪማው ቀድሞ መጣ ወይስ በርበሬው? አብሹ ጉሮሮሽ ላይ ቀረ? ሽንኩርቱ ይጣፍጣል ወይስ ገና ጥሬ ጥሬ ይላል? ዕድሜ ልኬን ወጥ ስበላ ይህን ሁሉ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እያደር መቅመስ ቻልኩ። ወጡም ተመለሰ፤ ልጆቹ እንደ ድሮው ድስቱን በእንጀራ ይጠርጉ ጀመር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደግሞም እፈራ ነበር፣ ምክንያቱም ባለቤቴ የሠራተኛውን ነገር የተወው መስሎኝ ስላልተወው።

አንድ ሐሙስ ገበታ ቀርቦ፣ እጃችንን ታጥበን መብላት እንደጀመርን የምሥራቹን ነገረን።

"እማዬ፣ ተገላገልሽ። ደላላው አንዲት ጎበዝ ልጅ አግኝቶልኛል፤ ወጥ አሳምራ ትችላለች። እሑድ ትገባለች። ከእንግዲህ ቁጭ ብለሽ መጦር ነው።"

አማቴ እንጀራ እያጠፉ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ሳህኑ አየሁ። ምሥጢሩ የእኔ አልነበረም፤ ዝም ማለት ግን እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

"ልጄ" አሉት ረጋ ብለው። "ያ ሰሞን ወጡ የተበላሸው ደክሞኝ አይደለም። ምላሴ አይቀምስም። አፍንጫዬም አይሸትም። ከጉንፋኑ ወዲህ ነው። ቀኖና ያልኳችሁም ውሸት ነው። ይህንን የምትበላውን ያጣፈጠችው ሚስትህ ናት።"

ባለቤቴ የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ቁጭ በዪ እንዳትለኝ።"

ዓይኑ እንባ ሞላ። እናቱን ይወዳል፤ ስለሚወዳቸውም ነው የሚሳሳተው። ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና፣ "እንደዚያ ከሆነማ እማዬ፣ ልጅቷ መምጣቷ የባሰ..." ብሎ ጀመረ። እንዲጨርስ አልፈቀድኩለትም።

"ልጅቷ መጥታ ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት። "እናትህ እጅ ጎደላቸው ወይስ ዓይን? የጎደላቸው ምላስ ነው። ምላስ ደግሞ በዚህ ቤት ሞልቷል፤ የአንተ ብቻ ለሰፈሩ ይበቃል።"

አማቴ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ውይ በሞትኩት! ባል እንዲህ ይባላል?" አሉ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። "እስቲ ላስብበት" አለና ሳይጨርስ ተነሣ። ድስቱን ያነሣሁት በግማሽ ንዴት፣ በግማሽ ፍርሃት ነበር።

ዓርብ ጠዋት አማቴ የንስሐ አባታቸው ጋ ሄደው ተመለሱ። ምን እንዳሏቸው አልጠየቅናቸውም። ሲመለሱ ግን አረማመዳቸው ቀለል ብሎ ነበር፤ ነገ ከእኛ ጋር እንደሚበሉ ነገሩኝ። ባለቤቴ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይዟቸው ሄደ። ሐኪሙ፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፣ ታገሡ ብሎ ሸኛቸው። ስለ ሠራተኛዋ ግን ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረም። አማቴም አልጠየቁትም። ማታ ድስቶቻቸውን አንድ በአንድ አጥበው፣ አድርቀው፣ አፋቸውን ደፍተው ሲደረድሩ አየኋቸው።

ቅዳሜ ሥጋው ተገዛ፤ ቁሌቱ ተቁላላ፤ ሥጋው በቀዝቃዛ ውሃ ታሽቶ ገባ። እኔ ደጅ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አማቴ እንደ ልማዳቸው "ነይማ ልጄ፣ ቅመሺልኝ" ብለው ተጣሩ። ውሃው ከእጄ እስኪንጠፈጠፍ ስዘገይ፣ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ስልኩን ትቶ ሲነሣ በመስኮት አየሁት። በትዳራችን ዘመን ወደ ማድ ቤት የሚገባው ውሃ ለመጠጣት ብቻ ነበር። ምድጃው አጠገብ ሄዶ ቆመና መዳፉን ዘረጋ። መዳፉ በሽቦና በሲሚንቶ የሻከረ ነው።

አማቴ ጭልፋውን ይዘው ለአፍታ አዩት። ከዚያ ጠብ አደረጉለት።

"ጥሩ ነው" አለ ቀምሶ።

"ጥሩ ነው ምን ማለት ነው? ምን ጎደለው?"

"እኔ እንጃ እማዬ።"

"እኔ እያበላሁ አሳድጌህ አታውቀውም?"

"አንቺ ስለምታውቂልኝ ነዋ!"

ሁለተኛ ጠብ አደረጉለት። ይህን ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ጨው" አለ። "ጨው ነው የጎደለው።"

በጣታቸው ቆንጥረው ጨመሩ፤ አማሰሉ፤ ሦስተኛ ጠብ አደረጉለት። ባለቤቴ መዳፉን ላሰ።

"አሁን ያንቺ ሆነ" አላቸው።

አማቴ ወደ ምድጃው ዞሩ። የሚያማስሉት ነገር ሳይኖር ያማስሉ ጀመር።

"የነገዋ ልጅስ?" አሉ ሳይዞሩ።

"አትመጣም። ጠዋት ነው ለደላላው የደወልኩት።"

ድስቱን አወረዱ። ልጆቹን ጥሩ፣ እጃችሁን ታጠቡ ብለው እንደ ወትሮው አዘዙን፤ እንጀራውን ዘረጉ፤ ወጡን መሐል ላይ አፈሰሱ። ከዚያ ከጉንፋኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ እኩል ቆርሰው በሉ። ምን ምን ይላል ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፤ ተውኩት። የሚያኝኩት የልጃቸውን ፊት እያዩ ነበር።